የተማሪ ልብስና የትምህርት ቤት በር
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ የተሰማ ንግግር)



 የንግግሬ ርእስ የተማሪ ልብስና ስለ ልብስ የሚወጣው ደንብ ነው። ርእሱን ስነግራቸው አንዳንድ ጓደኞቼ ሣቁብኝ። «ስለ ሳይንስ ወይም ስለ አገር ፍቅር መናገር ሲቻል ስለ ሱሪና ስለ ሹራብ ምን ይወራል?» አሉኝ። እኔ ግን ነገሩን በመረመርሁት መጠን ልብስ ትንሽ ጉዳይ አለመሆኑን ተረዳሁ። በአገራችን በልብስ ትርኢት ምክንያት ዩኒቨርሲቲ ተዘግቶ ያውቃል። በሌሎች የአፍሪካ አገሮችም ስለ ቀሚስ ርዝመትና ስለ ሱሪ ስፋት ሕግ ታውጆ ያውቃል። በእኛም ብርዳም አገር አንድ ሹራብ አንድን ልጅ ከክፍል ውስጥ ሊያስገባው ወይም ከበር ሊያስቀረው ይችላል።

ስለዚህ ንግግሬን በሦስት ከፍዬ አቀርባለሁ። መጀመሪያ ከእኛ በፊት የነበሩ ተማሪዎች ምን ይለብሱ እንደ ነበር፤ ሁለተኛ በልብስ ምክንያት ምን ጠብና ክርክር እንደ ተነሣ፤ ሦስተኛም ከዚህ ሁሉ ለእኛ ለጓሳ ልጆች ምን ትምህርት እንደሚገኝ እናገራለሁ።

ለተማሪ የተለየ ልብስ ያመጣው ዘመናዊ ትምህርት ብቻ የሚመስለን ብዙዎች ነን። ዳሩ ግን ዘመናዊ ትምህርት ወደ አገራችን ከመግባቱ ከብዙ ዘመን በፊት የቤተ ክህነት ተማሪ የራሱ ልብስ ነበረው። የቆሎ ተማሪ ከበግ ቆዳ የተሠራ ደበሎውን በትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ አኩፋዳውን አንግቦ፣ የውሻ መከላከያ በትሩን ይዞ ከደብር ወደ ደብር ይዞራል። ደበሎው ቀን ልብስ ነው፤ ሌሊት ምንጣፍም ብርድ ልብስም ነው፤ በሰው ደጃፍ ሲቆም ደግሞ «ይህ ተማሪ ነው» ብሎ የሚመሰክርለት ምልክት ነው። የባለጸጋ ልጅም ቢሆን የድኻ ልጅ፣ ለትምህርት ከቤቱ ከወጣ የሚለብሰው ያንኑ ደበሎ ነው፤ የሚለምነውም ያንኑ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ነው። ይህን ልብ አድርጉልኝ። ደበሎ ማንንም ከትምህርት አላስቀረም፤ በጉ ከደጅ፣ ቆዳው ከቤት የሚገኝ ነውና።

ከትምህርትም ውጭ ቢሆን ሕዝባችን የልብስ ደንብ ያልነበረው አይደለም። ሸማ ያለ ቃል ይናገራል። ሰው በታላቅ ፊት ሲቀርብ ያደገድጋል፤ ቤተ ክርስቲያን ሲሳለም መስቀልያ ያጣፋል፤ በኀዘን ጊዜ የነጠላው ጥለት ወደ ላይ ይሆናል። ይህን ደንብ ጽፎ በግድግዳ የለጠፈ አለቃ የለም፤ ነገር ግን ሁሉም ያውቀዋል፣ ሁሉም ይጠብቀዋል። ምክንያቱም ደንቡ የሚጠይቀው አክብሮትን እንጂ ገንዘብን አይደለም። አዲስ ሸማ ያለውም ያደገድጋል፤ ያረጀ ሸማ ያለውም ያደገድጋል።

የእኛ አገር ደግሞ የጓሳ ሜዳው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍ ያለ፣ በበጋ ሌሊት ውርጭ የሚወርድበት አገር ስለ ሆነ ልብሱም እንደ አየሩ ነው። የመንዝን በግ ጠጕር እናቶቻችን ይፈትሉታል፣ ሸማኔው ይሠራዋል፤ ባናውና ዝተቱ ከዚያ ይወጣል፤ የመንዝ በርኖስም በሌላው አገር የታወቀ ነው። እረኛውም በክረምት ከጓሳ ሣር የተሠራ ገሳ ለብሶ ዝናቡን ያሳልፋል። እንግዲህ አባቶቻችን ብርዱን በአገራቸው በጎችና በአገራቸው ሣር ተከላክለውት ኖረዋል ማለት ነው።

ዘመናዊ ትምህርት ሲጀመር የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1908፣ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በ1917 ዓ.ም. ተከፈቱ። ለልጃገረዶችም የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1931 ተመሠረተ። ከጠላት ወረራ በኋላ በ1935 ዓ.ም. በኮተቤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤትም ጥቂት ቆይቶ ተከተለ። በእነዚህ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ከየጠቅላይ ግዛቱ የተሰበሰቡ ልጆች ምግባቸውንም ልብሳቸውንም ከትምህርት ቤቱ ያገኙ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በገና በዓል ለተማሪዎች ሹራብና የሚበላ ነገር ያድሉ እንደ ነበር በዚያ ዘመን የተማሩ ሽማግሌዎች ዛሬም ያወሳሉ። የሩቅ ገበሬ ልጅና የመኰንን ልጅ አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው በአንድ አግዳሚ ላይ መቀመጣቸው ለዚያ ዘመን ትልቅ ነገር ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። የተማሪ ልብስ በመጀመሪያ ለተማሪው የሚሰጥ ነገር ነበር። ይህም በእኛ አገር ብቻ የሆነ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ክራይስትስ ሆስፒታል የሚባለው ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1552 ለድኻ ልጆች ሲመሠረት ለልጆቹ ረዥም ሰማያዊ ካፖርት ተሰጣቸው፤ ያ ልብስ በዚያ ትምህርት ቤት ዛሬም ይለበሳል። የባለጸጎች ልጆች የሚማሩባቸው ትምህርት ቤቶች የራሳቸውን ዩኒፎርም ያወጡት ከዚያ በኋላ በቆየ ዘመን ነው። ስለዚህ ዩኒፎርም መነሻው ችሮታ ነው። በአገራችንም ትምህርት ቤቶች በየወረዳው ሲበዙና ተማሪው ከቤቱ እየተመላለሰ የሚማር ሲሆን ነገሩ ተገለበጠ። ቀድሞ ለተማሪ የሚሰጠው ልብስ ከተማሪ የሚጠየቅ ሆነ። ቀድሞ ልጁን ወደ ክፍል ያስገባ የነበረው ልብስ ልጁን ከበር የሚመልስ መሆን ጀመረ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ክፍል ልለፍ።

በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ ዓመታት የአዲስ አበባ ወጣት አለባበስ በጣም ተለዋወጠ። ከሲኒማ፣ ከመጽሔትና ከሸክላ ሙዚቃ ጋር አዲስ ፋሽን ገባ። ወንዶቹ ከጉልበት በታች እንደ ደወል የሚሰፋ ቤልቦተም ሱሪ አሰፉ፤ ጠጕራቸውንም አፍሮ አደረጉ። ሴቶቹ ከጉልበት በላይ የሚቀር ሚኒ ስከርት ለበሱ። ታላላቆች «የፈረንጅ ነገር ልጆቻችንን አጠፋ» እያሉ ያዝኑ ነበር። ነገር ግን ሐዘኑ ሁሉ ትክክል አልነበረም። አፍሮ የተባለው ጠጕር ከአሜሪካ ጥቁር ሕዝብ የመጣ ፋሽን ነው ተባለ እንጂ ጎፈሬ በአገራችን የጀግና ምልክት ሆኖ ኖሯል። በ1928 ዓ.ም. ጠላት አገራችንን ሲወር ብዙ አርበኞች በየበረሃው ጠጕራቸውን አሳድገው ተዋግተዋል። የአያቱ ጎፈሬ ጀግንነት ተብሎ የልጅ ልጁ ጎፈሬ ብልግና መባሉ ልብስና ጠጕር ትርጕማቸውን ከዘመኑ እንደሚቀበሉ ያስረዳል።

በዚያን ጊዜ የነበሩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስለ ድኻው የሚቆረቆሩ ነበሩ። በ1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብለው ተሰለፉ። በ1958 ዓ.ም. ደግሞ በሾላ በአንድ ሰፈር ታጉረው ስለ ነበሩ ለማኞችና ችግረኞች «ድህነት ወንጀል ነው ወይ?» ብለው ጠየቁ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በመጋቢት ወር 1960 ዓ.ም.፣ በዩኒቨርሲቲው ግቢ የልብስ ፋሽን ትርኢት ተዘጋጀ። ብዙ ተማሪዎች «ሕዝቡ ተራቁቶ ሳለ የባዕድ ቅንጦት ምን ይሠራልናል?» በማለት ተቃወሙ። ተቃውሞው ወደ ሁከት ተለወጠ፤ ወደ ትርኢቱ የመጡ ሰዎች ተሰደቡ፣ ተዋከቡም፤ ፖሊስ ገባ፤ ተማሪዎች ታሰሩ፤ ዩኒቨርሲቲውም ለጊዜው ተዘጋ።

ይህን ታሪክ ባሰብሁ ጊዜ ሁለት ነገር ይታየኛል። የተማሪዎቹ ጥያቄ ከንቱ አልነበረም፤ አብዛኛው ሕዝብ በአቡጀዲድ ጥብቆ በሚኖርበት አገር ስለ ውድ ልብስ መጠየቅ ተገቢ ነበር። ነገር ግን ቍጣው የወረደው በማን ላይ ነው? ልብሱን ባስመጣው ነጋዴ ላይ አይደለም፤ ድህነቱን ባቆየው ሥርዓት ላይም አይደለም፤ ቍጣው የወረደው በሴቶቹ ላይ ነው። በ1958 ስለ ታጐሩት ድኾች የጮኸው አፍ በ1960 የእኅቱን ቀሚስ ሲሰድብ ተገኘ።

ይህም የእኛ ብቻ አይደለም። በዚያው እ.ኤ.አ. 1968 በታንዛንያ የገዥው ፓርቲ የወጣቶች ማኅበር ሚኒ ስከርትና የተጣበቀ ሱሪ በዳሬሰላም ከተማ እንዲከለከል ወሰነ። በማላዊ ደግሞ ፕሬዚዳንት ባንዳ እ.ኤ.አ. በ1973 ባወጡት ሕግ ሴት ጉልበቷን የሚያሳይ ቀሚስም ሆነ ሱሪ እንዳትለብስ ተከለከለች፤ ወንድም ጠጕሩን እንዳያስረዝምና ቤልቦተም እንዳይለብስ ታዘዘ። ሕጉ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ የተሻረው የአንድ ፓርቲ አገዛዙ ሲያበቃ ነው። ይህ ሁሉ የተደረገው ባህልን ለመጠበቅ ነው ተብሎ ነበር። እኔ ግን እጠይቃለሁ፦ ባህል የሚጠበቀው በሴት ልጅ ጉልበት ላይ ዘበኛ በማቆም ነውን?

በአሜሪካ ደግሞ ሌላ ዓይነት ክርክር ተነሣ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1965 በአንዲት ከተማ ያሉ ጥቂት ተማሪዎች የቬትናምን ጦርነት በመቃወም በክንዳቸው ላይ ጥቁር ጨርቅ አስረው ትምህርት ቤት ገቡ። ከእነርሱ አንዷ ሜሪ ቤዝ ቲንከር የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበረች። ትምህርት ቤቱ ለጊዜው ከትምህርት አገዳቸው። ነገሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ እ.ኤ.አ. በ1969 ሰባት ዳኞች ለተማሪዎቹ፣ ሁለቱ ለትምህርት ቤቱ ፈረዱ። ተማሪ በትምህርት ቤት በር ሲገባ ሐሳቡን የመግለጽ መብቱን ከውጭ ጥሎ እንደማይገባ ተወሰነ። ዳኞቹ ግን ፍርዱ ስለ ቀሚስ ርዝመትና ስለ ጠጕር አቆራረጥ እንዳልሆነ ለይተው ጽፈዋል። ትምህርት ቤት ደንብ ማውጣት እንደሚችል አልካዱም፤ ያሉት ደንቡ ወሰን አለው ነው።

ወደ አገራችን ልመለስ። በ1967 ዓ.ም. በተጀመረው የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ካኪ ለብሰው ወደ ገጠር ዘመቱ። ትናንት በቤልቦተምና በሚኒ ስከርት የተወቀሰው የከተማ ልጅ በአንድ ጊዜ የካኪ ለባሽ ሆነ። ከዚያ በኋላ ሰልባጅ በየገበያው በዛ፤ ሸራ ጫማና የኮንጎ ጫማ እስከ ገጠር ደረሰ። ዛሬም ፋሽን አላቆመም። ያን ጊዜ ተማሪ ሱሪውን አስፍቶ ይገሠጽ ነበር፤ ዛሬ የእኛ ወንድሞች የዩኒፎርም ሱሪያቸውን አጥብበው ይገሠጻሉ። በሁለቱም ዘመን የተጠቀመው ልብስ ሰፊው ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሻለሁ። እስካሁን የተናገርሁት ታሪክ አንድ ጥያቄ ያስተምረናል። ሰዎች ስለ ተማሪ ልብስ ሲከራከሩ የሚጠይቁት «ያምራል ወይ? ጨዋ ነው ወይ? የፈረንጅ ነው ወይስ የአገር?» እያሉ ነው። ከእነዚህ ሁሉ በፊት መጠየቅ የሚገባው ግን «ይህ ደንብ ማንን ከበር ያስቀራል?» የሚለው ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። በአንድ ትምህርት ቤት የሚማሩ ወንድምና እኅት አውቃለሁ። እርሷ የጠዋት ፈረቃ፣ እርሱ የከሰዓት ፈረቃ ናቸው። በቤታቸው ያለው የዩኒፎርም ሹራብ አንድ ነው። እርሷ በጠዋት ለብሳው ትማራለች፤ በስድስት ሰዓት ወንድሟን ከበሩ አጠገብ ጠብቃ አውልቃ ትሰጠዋለች፤ እርሷም በነጠላ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። እንዲህ እያሉ ሁለት ዓመት ተምረዋል፤ ሁለቱም ደኅና ውጤት አላቸው። ይሁን እንጂ አንድ ቀን የሁለቱም ፈተና በአንድ ሰዓት ሆነ። ሹራብ የሌለው እንደማይገባ ያውቃሉ፤ ስለዚህ አንደኛቸው መቅረት ነበረባቸው። የቀረችው እኅትየዋ ናት። መምህሩ በመዝገቡ ላይ «ቀሪ» ብለው ጻፉ። መዝገቡ ሐሰት አልተናገረም፤ ነገር ግን እውነቱን ሁሉ አልተናገረም።

እንዲህ ያለው ነገር ለምን ይሆናል? በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እስከ አሥረኛ ክፍል ያለውን ትምህርት ከክፍያ ነፃ አደረገ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ክፍያው ሲቀር ደብተሩ፣ ጫማውና ዩኒፎርሙ አልቀሩም። ለባለ ደመወዝ ሰው ትንሽ ወጪ ነው፤ አራት ልጅ ላለው የደጋ ገበሬ ግን የበግ ዋጋ ነው። በጉንም ሽጦ ለሁሉም የማይበቃ ከሆነ፣ ለማን ይገዛል? ብዙ ጊዜ ለወንዱ ልጅ። ሴቷ ቤት ትቀራለች፤ ቤት የቀረችም ልጅ ሳይውል ሳያድር ሽማግሌ ይላክባታል።

ይህ የእኔ ግምት ብቻ አይደለም። ኤስተር ዱፍሎ፣ ፓስካሊን ዱፓስና ማይክል ክሬመር የሚባሉ የኢኮኖሚ ሊቃውንት በምዕራብ ኬንያ በ328 የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ጥናት አድርገው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2015 አሳትመዋል። ከትምህርት ቤቶቹ በከፊሉ ላሉ ልጆች ዩኒፎርም በነፃ ተሰጣቸው፤ ለሌሎቹ አልተሰጠም። ዩኒፎርም ከተሰጣቸው ልጃገረዶች መካከል ትምህርት ያቋረጡት፣ በልጅነታቸው ያረገዙትና ያገቡት ካልተሰጣቸው ያነሱ ሆነው ተገኙ። እስቲ አስቡት! አንድ ቀሚስና አንድ ሹራብ የልጅን ጋብቻ ሊያዘገይ ይችላል። በአገራችንም የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለሚማሩ ልጆች ዩኒፎርምና ደብተር በነፃ ማደል ጀምሯል። እንግዲህ ቀድሞ እንደ ነበረው ልብስ ለተማሪ የሚሰጥ ነገር ሊሆን እንደሚችል ታየ።

አንዳንዶች «ታዲያ ዩኒፎርም ይቅር ትላለህን?» ይሉኝ ይሆናል። አልልም። ዩኒፎርም ባይኖር የነጋዴው ልጅ በየቀኑ አዲስ ልብስ ለውጦ ይመጣል፤ የእረኛው ልጅም በተጣፈ ልብሱ አፍሮ ከኋላ ይቀመጣል። ዩኒፎርም ይህን እፍረት ይሸፍናል፤ ተማሪውንም በመንገድ ያስከብረዋል። የምቃወመው ዩኒፎርሙን አይደለም፤ ዩኒፎርም የሌለውን ልጅ ከትምህርት የሚያስቀረውን ቅጣት ነው። ልጆችን እኩል ለማድረግ የወጣ ደንብ ድኻውን ልጅ ብቻ የሚቀጣ ከሆነ የራሱን ዓላማ አፍርሷል። አባቶቻችን «አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ» ይላሉ። ግቢው በአንድ ቀለም ልብስ አምሮ ሳለ ከበር ውጭ የቀሩ ልጆች ካሉ፣ እኛም አለባብሰን አርሰናል።

መልካም ደንብ እንዴት እንደሚወጣ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ጓሳችን አጠገባችን ነው። ከአሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት ጀምሮ አባቶቻችን በቄሮ ሥርዓት ጓሳውን ጠብቀውታል። ሣሩ ለዓመታት ተዘግቶ ይጠበቃል፤ ሲደርስ በስምምነት ይከፈታል፤ ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለገሳ የሚሆነው ሣር በድርሻ ይታጨዳል። ደንቡ ይህን ያህል ዘመን የቆየው የሚገዙለት ሰዎች ራሳቸው ተስማምተው ያወጡትና ጥቅሙን የሚያዩት ስለ ሆነ ነው። ነገር ግን ጕድለቱንም መሸሸግ አይገባም። የቄሮ ድርሻ የባለ ርስት ነበር፤ ርስት የሌለው ሰው ከውጭ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ ሲወጣ ያ ሥርዓት ፈረሰ። ዛሬ ጓሳ በኅብረተሰቡ የሚጠበቅ ሆኖ ቀይ ቀበሮውና ጭላዳው የሚኖሩት፣ ቀድሞ ከውጭ የነበረውም ሰው በጥበቃው ገብቶ ስለ ተካፈለ ነው። መልካም ደንብ እንኳ ከውጭ የሚያስቀረው ሰው ካለ አንድ ቀን ይናጋል።

ስለዚህ ለትምህርት ቤታችን አስተዳደርና ለወላጆች ኮሚቴ አራት ነገር በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ዩኒፎርም የሌለው ተማሪ ከበርም ከክፍልም አይመለስ። ይልቁንም የክፍሉ ኀላፊ መምህር ልጁን በሰው ፊት ሳያሳፍሩ ለብቻው ጠይቀው ችግሩን ይረዱ። ሰነፉንና ችግረኛውን መለየት ለመምህር የሚከብድ አይመስለኝም።

ሁለተኛ፣ ደንቡ ቀለሙን ይወስን እንጂ የልብሱን ዓይነትና የሚሰፋበትን ቦታ አይወስን። የመንዝ በግ ጠጕር፣ የሚፈትሉ እጆችና የሚሠራ ሸማኔ ባሉበት አገር፣ ቀለሙ እስከ ተስማማ ድረስ የቤት ሹራብ ከሱቅ ሹራብ ማነስ የለበትም። ውርጭ በሚጥልበት ጠዋት ፀሐይ እስኪሞቅ ድረስ ጋቢና ባና ይፈቀድ። «ያገሩን ሠርዶ ባገሩ በሬ» ይባላልና የአገሩን ብርድም የሚመክተው የአገሩ ልብስ ነው።

ሦስተኛ፣ ስለ ሴት ተማሪዎች ልብስ ደንብ በሚወጣበት ጊዜ እናቶችና ልጃገረዶች በጉባኤው ይቀመጡ። ከላይ የነገርኋችሁ ታሪክ ሁሉ ሴቶች ያልተጠየቁበት ደንብና ቍጣ ያመጣውን ጕዳት ያሳያል።

አራተኛ፣ በትምህርት ቤታችን አንድ የልብስ ሣጥን ይኑር። እኔ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርቴን በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ ቁም ሣጥን ነበር። ትምህርታቸውን የጨረሱ ወይም ልብሱ ያነሳቸው ልጆች ዩኒፎርማቸውን አጥበው ያስቀምጡ ነበር፤ የጎደለው ልጅ ደግሞ ከትምህርት በኋላ፣ ሌላው ተማሪ ወደ ቤቱ ሲሄድ፣ ይወስድ ነበር። የወሰደውን ስም የሚመዘግብ አልነበረም። በማግሥቱ ማን የሰጠውን ማን እንደ ለበሰ የሚያውቅ የለም፤ ሁሉም አንድ ይመስላልና። የዩኒፎርም ትክክለኛ ጥቅሙ ይህ ነው።

የዘንድሮ ተመራቂዎች ሆይ! ለእኛ ከዚህ በኋላ ይህ ሹራብ አያስፈልገንም። በቤታችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ብል ቢበላው ምን ይጠቅመናል? ፈተናችንን በጨረስን ማግሥት እያንዳንዳችን አጥበን ብናስቀምጠው፣ በመጪው መስከረም የሚገቡ የዘጠነኛ ክፍል ልጆች ይለብሱታል። የእኔ ሹራብ የመጀመሪያው ይሆናል። ክርኑ ላይ ተጥፏል፤ ነገር ግን ይሞቃል።

እናንተ ከኋላችን የምትቀሩ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ደግሞ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ሱሪያችሁን ለማስጠበብ የምታወጡትን ገንዘብ አስቡበት። ወጣት ማማር መውደዱ ኀጢአት አይደለም፤ ከእኛ በፊት የነበሩትም ወደውታል። ነገር ግን በአጠገባችሁ የተቀመጠው ልጅ ስለ ሱሪው ቅርጽ ሳይሆን ስለ ሱሪው መኖር የሚጨነቅ ሊሆን ይችላል።

የተከበራችሁ ወላጆች! «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ተረት ያስተማራችሁን እናንተ ናችሁ። እኛ የምንጠይቀው አንበሳ የሚያስር ድር አይደለም፤ ለአንድ ልጅ ሹራብ የሚበቃ ድር ብቻ ነው። ትምህርት ቤታችን ተመሥርቶ እስከ ዛሬ በደረሰበት ዘመን ብዙ ልጆችን በበሩ አስገብቶ አስተምሯል፤ ስለዚህም ዛሬ እናከብረዋለን። ከእንግዲህ ወዲያ በሚመጣው የምሥረታ በዓል የሚናገረው ተማሪ፣ ከዚህ በር በልብስ ምክንያት የተመለሰ ልጅ የለም ብሎ ለመናገር እንዲችል ምኞቴ ነው።